ቀይዋ ዶሮ፣ ዳይኖሰሩ እና የጠፋው እንቁላል

(የሳይንስ አምድ)

በዚህ እትም የሳይንስ አምድ ተራው የእኔ ስለሆነ ክረምቱን ቤታችን ስከታተለው የቆየሁትን ነገር ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ትምህርቱ ስለ እንቁላል ነው። «እንቁላል ደግሞ ምን ትምህርት አለው?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ፍረዱ። ጽሑፉን ስትጨርሱ ዶሮ ለምን እንቁላል እንደምትቀንስ፣ እንድትጨምር ምን እንደሚደረግ፣ ደግሞም ሳያጣሩ መፍረድ ምን እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በጌም ነው

ሐምሌ ላይ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ እኛ ዘንድ አሶሳ መጥቶ ነበር። ላፕቶፑ ላይ «አርክ» የሚባል ጌም አለው። ጌሙ ውስጥ ሰውየው ባዶ እጁን ደሴት ላይ ይነቃል፤ እንጨት ይለቅማል፣ እሳት ያነዳል፣ ከዚያ ዳይኖሰር ይዞ ያላምዳል። የተላመዱት ሴት ዳይኖሰሮች እንቁላል ይጥላሉ። ከእንቁላሉ «ኪብል» የሚባል ምግብ ይሠራል፤ በእሱ ደግሞ ሌላ ዳይኖሰር ይላመዳል። ስለዚህ ተጫዋቾቹ አንድ ጭንቀት አላቸው፤ እንዴት አድርገን ብዙ እንቁላል እናግኝ?

የአክስቴ ልጅ ዘዴውን አሳየኝ። አንደኛ፣ ከሴቷ አጠገብ የዘሯን ወንድ ማኖር ነው። ሁለተኛ፣ «ኦቪራፕተር» የሚባለውን ትንሽ ዳይኖሰር አጠገባቸው እንዲንጎራደድ መልቀቅ ነው። እሱ ካለ ሴቶቹ ቶሎ ቶሎ ይጥላሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ለእኛ ዶሮዎችስ እንዲህ ያለ ነገር የለም?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

የቤታችን ችግር

አራት ሴት ዶሮዎችና አንድ አውራ ዶሮ አሉን። ሴቶቹ ቀይዋ፣ ገብስማዋ፣ ነጯና ጥቁሯ ናቸው። ሁሉም የአገር ዶሮዎች ናቸው። ዓመት የሞላት ታናሽ እህት አለችኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታችን መጥታ ክንዷን በመለኪያው ስትለካት ቢጫው ላይ አረፈ። ቢጫ ማለት ልጅቷ ጉዳት ላይ እየደረሰች ነው፣ ተጠንቀቁ ማለት ነው። እናቴን «ከገንፎዋ ጋር ቢቻል በቀን አንድ እንቁላል ስጫት» አለቻት። እናቴም አራት ዶሮ ስላላት «እሺ፣ ችግር የለም» አለች።

ችግር ግን ነበረ። በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት ከአራቱ ዶሮዎች ያገኘነው አራት እንቁላል ብቻ ነው። በሳምንት ሰባት ቀን አለ፤ ሦስት ቀን እህቴ ያለ እንቁላል ዋለች። ሰው በላው እንዳንል ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ እኔም ታናሽ ወንድሜም ሳይቀር እየጾምን ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ቆጡ ሥር ስትገባ ቀይዋን መጣያው ላይ አገኘቻት። ሥሯ የተሰበረ እንቁላል አለ፤ አፏ ላይ አስኳል ተለጥፏል። «ሌባዋ ተገኘች! እንቁላል መብላት የለመደች ዶሮ አትመለስም፤ ለእንቁጣጣሽ እሷ ናት» አለች። ቀይዋን ከጫጩትነቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። «እማዬ፣ እስከ ጳጉሜ 5 ጊዜ ስጪኝ፤ ላጣራ» ብዬ ለመንኳት። «አጣሪ፤ እንቁላል ካልመጣ ግን እንዳታለቅሺ» አለችኝ። አሮጌ ደብተር አውጥቼ መቁጠር ጀመርኩ።

ሌባ የተባለው ዳይኖሰር

በዚያው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ስለ ኦቪራፕተር ያነበበልኝን ልንገራችሁ።

ኦቪራፕተር የጌም ፈጠራ አይደለም፤ በእውነት የነበረ እንስሳ ነው። አጥንቱ የተገኘው በፈረንጆች 1923 ሞንጎሊያ ውስጥ በጎቢ በረሃ ነው። ያገኙት ከአሜሪካ የሄዱ አሳሾች ናቸው። አጥንቱ ከእንቁላሎች አጠገብ ስለነበረ ሳይንቲስቶቹ «ይህ የሌላ ዳይኖሰር እንቁላል ሲሰርቅ የሞተ ነው» ብለው ገመቱ። በ1924 ያወጡለት ስምም «እንቁላል ነጣቂ» ማለት ነው። ወደ 70 ዓመት ገደማ በዚህ ስም ሲወቀስ ኖረ። ከዚያ በ1990ዎቹ ውስጥ እዚያው ጎቢ እንደዚያው ያለ እንቁላል ተገኘ፤ ውስጡ ያለው ሽል ግን የራሱ የኦቪራፕተር ወገን ሆኖ ተገኘ! ቀጥሎም ልክ እንደ ዶሮ እግሩን አጥፎ፣ ክንዱን ዘርግቶ እንቁላሎቹን እንደታቀፈ የሞተ ሌላ የዚሁ ወገን ዳይኖሰር ተገኘ። ለካ ሌባ የተባለው ወላጅ ነበር። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተቀየረለትም።

ይህን ስሰማ ወዲያው ያሰብኩት ቀይዋን ነው። እሷም እንቁላል ላይ ተቀምጣ ተገኘች፤ ሌባ ተባለች። ያየናት ግን ስትሰብር አይደለም፤ ከተሰበረ በኋላ ነው።

ልብ በሉ፣ ዶሮና ዳይኖሰር የማመሳስለው ለወግ ብዬ አይደለም። ሳይንቲስቶች ወፎችን ሁሉ ከዳይኖሰር ወገን ይመድቧቸዋል። ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ትልልቆቹ ሲጠፉ ከዚያ ወገን የተረፉት ወፎች ናቸው። ካላመናችሁ የዶሮ እግር ላይ ያለውን ቅርፊትና ጥፍር ተመልከቱ። ስለዚህ እያንዳንዳችን ቤት የተላመደ ትንሽ ዳይኖሰር አለ ማለት ነው። የጌሙ ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው።

አንድ እንቁላል እንዴት ይሠራል?

ዶሮ እንዴት እንቁላል እንደምትጨምር ለማወቅ መጀመሪያ እንዴት እንደምትሠራው ማወቅ አለብን።

መጀመሪያ አስኳሉ ከእንቁላል እጢዋ ይለቀቃል። ከዚያ ረጅም ቱቦ ውስጥ ሲጓዝ ነጩ ይለብሰዋል፤ ይህ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቀጥሎ ስስ ሽፋኑ ይመጣል። በመጨረሻ ጠንካራው ቅርፊት ይሠራል፤ ይህ ብቻውን 20 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሁሉም ሲደመር ከ24 እስከ 26 ሰዓት ነው። ስለዚህ ጎበዝ የሚባለው ዶሮ እንኳ በቀን ከአንድ በላይ አይጥልም። ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየዘገየ ይሄድና አንድ ቀን ይዘለላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን አይደል? ከመሄዱ በፊት መሠራቱም ቀስ በቀስ ነው። በጌም ቁጥር ቀይሮ ማፍጠን ይቻላል፤ ዶሮ ላይ ግን የሚጫን ቁልፍ የለም።

አሁን ዋናው ነገር። ይህ ሁሉ ከምን ይሠራል? ከዶሮዋ አካል ነው። ውሃው፣ ፕሮቲኑ፣ ቅባቱ፣ ካልሲየሙ ሁሉ ከእሷ ይወጣል። እሷ ያላገኘችውን ልትሰጠን አትችልም። ክረምቱን ሙሉ የተማርኩት ነገር ይኸው ነው፤ ዶሮዋን «እንቁላሉስ?» ከማለታችን በፊት «እኛስ ምን ሰጠናት?» ማለት አለብን።

የጠፋው እንቁላል ፍለጋ

አብዛኞቹ ዶሮዎች የሚጥሉት ጠዋት ነው። ስለዚህ ነሐሴ 9 ቀን ዶሮዎቹን ከለቀቅሁ በኋላ ሥራ ሳልይዝ ተከተልኳቸው። ገብስማዋ ወደ ግራ ቀኝ እያየች፣ እየቆመች እየሄደች በአጥሩ ሥር ሾልካ ወጣች። ከጓሮ የቀርከሃ ጥሻ አለ፤ እሷም እዚያ ገባች። ጥቂት ቆይታ እየተንጫጫች ስትወጣ ሄጄ ገለጥ ባደርገው አሥራ አንድ እንቁላል!

ለምን ቤት መጣል ተወች? ምክንያቱን ለማግኘት ቆጡ ሥር ገብቼ አየሁ። አንደኛ፣ ክረምት ስለሆነ ጣሪያው ያፈሳል፤ የመጣያው ጭድ ረጥቧል። ሁለተኛ፣ እጄን ስከት ቅማል ወረረኝ። ሦስተኛ፣ እኛ እንቁላሉን አንድ ሳናስቀር ጠራርገን እንወስዳለን። ዶሮ መጣያዋ ባዶ ሆኖ ስታገኘው ቦታው አደገኛ ነው ብላ ልትሸሽ ትችላለች። እኛ እንቁላል አትጥልም ያልናት ገብስማ ከማናችንም በላይ ስትሠራ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጣችሁ። ከጥሻ የተገኘ እንቁላል የስንት ቀን እንደሆነ አይታወቅም። ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አስገቡት። አዲስ ከሆነ ይሰምጥና ይጋደማል፤ ሲቆይ ይቆማል፤ በጣም ከቆየ ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈውን ጣሉት። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ተንሳፈፉ። እባብም ሊኖር ስለሚችል ባዶ እጃችሁን ጥሻ ውስጥ አትክተቱ፤ እኔም ያወጣሁት አባቴ መጥቶ በእንጨት ከፈተሸልኝ በኋላ ነው።

እንቁላል የሚጨምሩ ሰባት ነገሮች

1. ውሃ

ቅርፊቱን ትተን የእንቁላል ውስጡ ከአራት እጅ ሦስቱ ውሃ ነው። አንዲት ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ገደማ ትጠጣለች፤ ሲሞቅ ይጨምራል። የእኛ ዶሮዎች የሚጠጡት ከጉድጓድ የቆሸሸ የዝናብ ውሃ ነበር። እናቴ የተሰበረ እንስራ ነበራት፤ የታችኛውን ግማሽ ወስጄ ማንጎው ጥላ ሥር አስቀመጥኩ። ሸክላ ውሃውን ቀዝቃዛ ያደርገዋል። በየጠዋቱ አጥቤ እሞላዋለሁ። የካቲትና መጋቢት ላይ አሶሳ እንዴት እንደምትሞቅ ታውቃላችሁ፤ ያኔ ጥላና ውሃ ከጥሬ ይበልጣል። ዶሮ ሲሞቃት መብላት ትቀንሳለች፤ መብላት ስትቀንስ እንቁላል ትቀንሳለች።

2. ፕሮቲን፣ ማለትም ምስጥ!

ብዙዎቻችን ለዶሮ በቆሎ ወይም ማሽላ በትነን ጨረስን እንላለን። በቆሎ ኃይል ይሰጣል፤ ለእንቁላል ግን ፕሮቲንም ያስፈልጋል። መኖ ቤት የሚሸጠው የእንቁላል ጣይ መኖ ከመቶ 16 ወይም 17 እጅ ፕሮቲን አለው፤ በቆሎ ብቻውን ግን ግማሹን ያህል ነው።

ታዲያ ፕሮቲን ከየት እናምጣ? ከኩይሳ! እኛ አገር ምስጥ ቤት ይበላል፣ ሰብል ይበላል፤ ሁሉም ሰው ይረግመዋል። ለዶሮ ግን ሥጋ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አሮጌ ማሰሮ ውስጥ እርጥብ ጭድ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳና ትንሽ እበት ትጠቀጥቃላችሁ። አመሻሽ ላይ ኩይሳውን ጫፉን ቧጨር አድርጋችሁ ማሰሮውን በአፉ ትደፉበታላችሁ። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ታነሱታላችሁ፤ ምስጥ ሞልቶት ይገኛል። ዶሮዎቹ ፊት ስትዘረግፉት ማየት ነው! መርዝ የተረጨበት ኩይሳ ግን በፍጹም አትንኩ።

ሌላው የኑግ ፋጉሎ ነው። ክልላችን አኩሪ አተርም ይመረትበታል። አኩሪ አተር ግን ጥሬውን አይሰጥም፤ ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት። ቆልታችሁ፣ ፈጭታችሁ፣ ከበቆሎው ጋር ቀላቅሉት። የጎመን ቅጠልም ጥሩ ነው።

3. ካልሲየም፣ ማለትም የቀይዋ ምስጢር

የእንቁላል ቅርፊት ከመቶ ከ90 እጅ በላይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ክልላችን የሚታወቅበት እብነ በረድም የተሠራው በዋናነት ከዚሁ ነገር ነው። ዶሮዋ በአንድ ሌሊት ትንሽ የድንጋይ ቤት ትሠራለች ማለት ነው። ካልሲየሙ ከምግቧ ካልበቃ ከእግሯ አጥንት ውስጥ ካለው ክምችት ትወስዳለች። እሱም ሲያልቅ ቅርፊቱ ይሳሳል፤ ስትቀመጥበት ይሰበራል። ከተሰበረ ደግሞ የትኛዋም ዶሮ ትቀምሰዋለች።

ቀይዋ የሆነችው ይህንኑ ነው! ሌሎች እንቁላሎቿን በጣቴ ጫን ስላቸው እንደ ወረቀት ሳሱብኝ። ሌባ ሳትሆን ካልሲየም ያለቀባት እናት ነበረች።

ስለ አጥንት ክምችቱ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በፈረንጆች 2005 ሜሪ ሽዋይትዘር የተባለች ሳይንቲስትና ባልደረቦቿ አንድ የቲሬክስ እግር አጥንት ውስጥ ልክ እንቁላል በምትጥል ወፍ አጥንት ውስጥ የሚገኘውን ዓይነት ክምችት ማግኘታቸውን ገልጸዋል። በዚህም ያ ቲሬክስ ሴት እንደነበረችና እንቁላል በምትጥልበት ጊዜ እንደሞተች አወቁ። እንግዲህ ቀይዋና ያቺ አስፈሪ ቲሬክስ ለእንቁላላቸው የከፈሉት ከአንድ ቦታ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የተበላ እንቁላል ቅርፊት ሰብስባችሁ፣ ምጣድ ላይ አድርቃችሁ፣ እንደ ሽሮ አድቅቃችሁ ከጥሬው ጋር ስጧት። ሳይደቅ ግን እንዳትሰጡ፤ የእንቁላል መልክ ካለው እውነትም እንቁላል መብላት ትለምዳለች።

4. ደረቅና ጨለም ያለ መጣያ

አባቴ ጣሪያውን አደሰልን። ጎረቤታችን የሆኑት የበርታ አባት ቀርከሃ ሰንጥቀው ሁለት ቅርጫት ሠሩልን። ቅርጫቶቹን ጨለም ያለ ጥግ ውስጥ አድርገን ደረቅ ጭድ ጨመርንባቸው። ለአራት ወይም አምስት ዶሮ አንድ መጣያ ይበቃል፤ እኛ ግን እንዳይጣሉ ሁለት አደረግን። ለቅማሉ የምድጃ አመድ ከደረቅ አፈር ጋር ቀላቅለን ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጥንላቸው፤ ራሳቸው እየተንከባለሉ ይታጠቡበታል። እንቁላል ስንሰበስብም አንድ እንተዋለን። እንዳናሳስተው በከሰል ምልክት እናደርግበታለን። ቀርከሃውን ጠበቅ አድርጎ ማሰር ከሸለምጥማጥም ያድናል።

5. የምትታቀፈዋን ማስተው

ጥቁሯ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረባት። ባዶ መጣያ ላይ ቀኑን ሙሉ ትቀመጣለች፤ ስትነካ ትነፋለች። ይህ በሽታ አይደለም። የአገር ዶሮ ከ12 እስከ 15 እንቁላል ከጣለች በኋላ አካሏ «አሁን ታቀፊ» ይላታል። 21 ቀን ትታቀፋለች፤ ከዚያ ጫጩት ስታሳድግ ሁለት ሦስት ወር ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አትጥልም። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ የምትጥልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጫጩት ከፈለጋችሁ ተዉአት፤ የምትሠራው ትክክል ነው። እንቁላል ከፈለጋችሁ ግን ማስተው አለባችሁ።

አያቴ በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ የመጣች ናት። «ውሃ ውስጥ ነከር ነው፤ አለዚያ እግሯን አስሮ መዘቅዘቅ ነው» አለችኝ። ብዙ ቦታ የሚደረገው እንዲህ ነው። እኔ ግን አንጀቴ አልችል አለ። ዶሮዋ ለመታቀፍ ሆዷ መሞቅ አለበት። ስለዚህ ወለሉ ክፍተት ያለው የቀርከሃ ቅርጫት ከመሬት ከፍ አድርገን አስቀመጥንና ከነምግቧና ከነውሃዋ አራት ቀን አቆየናት። ከሥር ነፋስ ሲያገኛት ሆዷ ቀዘቀዘ፣ መታቀፉን ተወች። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣል ጀመረች። አያቴም «የእናንተ ትምህርት ከዶሮ ጋር መታረቅ ያስተምራል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

6. ብርሃን

ዶሮ እንድትጥል አካሏን የሚቀሰቅሰው ብርሃን ነው። በቀን 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን ስታገኝ የተሻለ ትጥላለች። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ትልልቅ እርባታዎች አምፖል ያበራሉ። እኔም «እማዬ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ያህል መብራት እናብራላቸው?» ብላት «ለእኛስ መቼ በቃን!» አለችኝ። ስለዚህ የምችለውን አደረግሁ። ድሮ የምንለቃቸው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነበር፤ አሁን 12 ሰዓት ሲነጋ እለቃቸዋለሁ። ጌሙ ውስጥ ብርሃን አልተጠቀሰም፤ እውነተኛው ነገር ከጌሙ ይበልጥ ከባድ ነው።

7. ፈንግልን መከላከል

ይህ ከሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ፈንግል ከገባ እንቁላል ብቻ ሳይሆን ዶሮም አይቀርም። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል። ዓይን ላይ ጠብ የሚደረግ ዓይነትም አለ። ቀበሌያችሁ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ለአንድ ዶሮ ተብሎ ጠርሙስ ስለማይከፈት ጎረቤት ተሰባስባችሁ ብታስከትቡ ይሻላል። ከገበያ የተገዛ ዶሮ ወዲያው ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅሉ፤ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

አውራ ዶሮውስ?

ጌሙ ውስጥ ወንዱ አጠገቧ ሲሆን ሴቷ ትጨምራለች። ዶሮ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ቄብ ዕድሜዋ ሲደርስ አውራ ዶሮ ኖረም አልኖረም ትጥላለች። አውራ ዶሮ የሚያስፈልገው ለጫጩት ነው። እንዲያውም አውራ ያገኘው እንቁላል በሙቀት ውስጡ ማደግ ስለሚጀምር ቶሎ ይበላሻል። ለመብላት ወይም ለመሸጥ ብቻ ከሆነ አውራው ባይኖር እንቁላሉ ይቆያል። የእኛን አውራ ግን እናቴ «ሰዓቴ ነው» ብላ አትሰጥም።

ውጤቱ

ከደብተሬ ላይ እንዳለ ገልብጬላችኋለሁ። ከጥሻው የተገኙት አሥራ አንዱ እዚህ ውስጥ የሉም።

ከነሐሴ 1 እስከ 7 … 4 እንቁላል (ሁለት ተሰብሯል)
ከነሐሴ 8 እስከ 14 … 6 እንቁላል (አንድ ተሰብሯል)
ከነሐሴ 15 እስከ 21 … 9 እንቁላል
ከነሐሴ 22 እስከ 28 … 11 እንቁላል
ከነሐሴ 29 እስከ ጳጉሜ 5 … 13 እንቁላል

ጳጉሜ 5 ማታ ደብተሩን ለእናቴ አሳየኋት። ዝም ብላ ጣቷን እያስኬደች አየችው። ከዚያ «ቀይዋ ትቆይ» አለች። ለእንቁጣጣሽ ሽሮና ጎመን በላን፤ ለእኔ ከዶሮ ወጥ ይበልጥ ጣፈጠኝ። እህቴ በየቀኑ እንቁላሏን ትበላለች። በጥቅምት ክንዷ ሲለካ አረንጓዴው ላይ አርፏል። እንቁላሉ ብቻ ነው የረዳት አልልም፤ እናቴ ገንፎውንም አሻሽላለች፣ ሐኪም ቤትም ወስዳታለች። ግን አንዱ እንቁላሉ ነው።

ቲቸር ያረመኝ ነገር

ትምህርት ሲከፈት ደብተሩን ለሳይንስ መምህራችን አሳየሁት። አደነቀኝ፤ ከዚያ ግን «ውሃውን፣ ምስጡን፣ ቅርፊቱን፣ መጣያውን ሁሉ በአንድ ሰሞን ነው የቀየርሽው። ታዲያ እንቁላሉን የጨመረው የትኛው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ገብስማዋ ወደ ቤት መመለሷ ብቻውን ስንቱን እንደጨመረ እንኳ ለይቼ አላውቅም። ትክክለኛ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ ሌላውን እንደነበረ መተው ነው። እኔ ግን አጣድፎኝ ነበር፤ የቀይዋ ነገር በእጄ ነበር።

ስለዚህ ክበባችን በትክክል እንዲሠራው ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ዶሮ ያላችሁ አባላት ለሁለት እንከፈል። አንደኛው ቡድን ምስጥ ብቻ ይጨምር፣ ሌላው ምንም አይቀይር። ሁላችንም አንድ ወር እንቁጠር። ውጤቱን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሱ። ቦቫንስ ብራውን የሚባሉት የፈረንጅ ዶሮዎች በጥሩ አያያዝ በዓመት ወደ 300 ይጥላሉ። ለዚያ ግን ሙሉ መኖ፣ ክትባትና ጥሩ ቤት ይፈልጋሉ። የአገር ዶሮ ጥራ ግራ ትኖራለች፣ ጭልፊት ትሸሻለች፣ ጫጩት ታሳድጋለች። የምትሰጠን በሰጠናት ልክ ነው።

እስኪ ራሳችሁን ፈትሹ

1. አንዲት ዶሮ በቀን ሁለት እንቁላል የማትጥለው ለምንድን ነው?
2. ኦቪራፕተርና ቀይዋ ዶሮ በምን ይመሳሰላሉ?
3. አኩሪ አተር ለዶሮ ከመሰጠቱ በፊት ምን መደረግ አለበት? ለምን?
4. በእኔ ሙከራ ውስጥ የነበረው ስህተት ምንድን ነው?

ይሞክሩት፦ የእንቁላል ቅርፊትና ትንሽ የእብነ በረድ ስባሪ በሁለት ብርጭቆ ውስጥ አድርጉና አቼቶ አፍስሱባቸው። ከሁለቱም አረፋ ይወጣል፤ የቅርፊቱ ቶሎ ይታያል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት እንዳላቸው ያሳያል።

መልሱን ጽፋችሁ በክበባችን ሳጥን ውስጥ ክተቱ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት። ቤታችሁ ስትገቡ ደግሞ ዶሮዎቻችሁ ውሃ እንዳላቸው እዩልኝ።